ደመወዝም ንግድም፦ «ከሁለት አንዱን ምረጡ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከስልክ ስልክ የሚተላለፍ አንድ ጽሑፍ አለ። ርእሱ «ከሁለት አንዱን ምረጡ» ይላል። ጸሐፊው ስማቸውን አልገለጹም። አማርኛቸው ግን ያምራል፤ ሐሳባቸውም ግልጽ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦ ተቀጥሮ እየሠሩ ንግድ መጀመር ራስን ማታለል ነው። ወይ ደመወዝተኛ ሁኑ፣ ወይ ነጋዴ፤ መሐል ላይ መቆም የለም። ለዚህም ሰባት ነጥብ ያነሳሉ።

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀን ቢሮ ነኝ። ጠዋትና ማታ ከባለቤቴ ጋር እንቁላል ጣይ ዶሮ እናረባለን። አልፎ አልፎ ደግሞ የጎረቤት ነጋዴዎችን የሒሳብ መዝገብ አስተካክላለሁ። ስለዚህ ጽሑፉ ስለ እኔም ያወራል። ምላሽ ለመጻፍ የተነሳሁት ግን ሌሎች ሰዎችን አይቼ ነው። አንዲት ባልደረባዬ ጽሑፉን አንብባ ልትጀምረው የነበረውን ሥራ ተወችው። አንድ ወጣት ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ አንብቦ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ እያረቀቀ ነው። የሁለቱም ነገር ያሳስበኛል።

እንግዲህ በጸሐፊው ቅደም ተከተል ልሂድ።

«ስምንት ሰዓት የሠራ ሰው ማታ የሚሸጠው እንቅልፉን ብቻ ነው»

ይህ ለአንዳንድ ሥራ እውነት ነው፤ ለሌላው ግን አይደለም። ጸሐፊው ሥራን ሁሉ ባንድ ላይ ጠቅልለው ፈረዱበት።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዓት ደግሞ ከዚህም ያንሳል። በዚያ ላይ እንደ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ዳንግላ ባለ ከተማ የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ ከቢሮ ቤቱ በእግሩ ይገባል። አዲስ አበባ ያለ ተቀጣሪ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚጨርሰው ሰዓት እኛ ዘንድ ይተርፋል። ጸሐፊው ሲጽፉ የትልቅ ከተማ ተቀጣሪ በሐሳባቸው የነበረ ይመስለኛል።

ዋናው ነገር ሥራው የትኛውን ሰዓት ይፈልጋል የሚለው ነው። ኮፒ ቤትን ውሰዱ። ደንበኛው የሚመጣው ፍርድ ቤቱና ወረዳው ክፍት ሲሆን ነው። ያኔ እናንተም ቢሮ ናችሁ። ስለዚህ ኮፒ ቤት ለተቀጣሪ አይሆንም። ሱቅም እንደዚያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ይፈልጋል። ባጃጅ ገዝቶ ለሹፌር መስጠት ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ማታ ማታ ገቢውን መቀበል ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ጎማ ሲፈነዳ፣ ትራፊክ ሲይዘው፣ ሹፌሩ «ዛሬ ሥራ የለም» ሲል፣ ስልኩ የሚጮኸው እናንተ ስብሰባ ላይ ሳላችሁ ነው።

ሰዓታቸው ከእኛ ሰዓት ጋር የሚገጥም ሥራዎች ግን አሉ። ንብ አንዱ ነው። በአካባቢያችን ማር የሚቆረጠው ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ነው። ዋናው ቆረጣ ደግሞ አደይ አበባ ካበበ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይውላል። ዘመናዊ ቀፎ መፈተሽ የቅዳሜ ሥራ ነው። በግ ማድለብም ይመቻል። ለበዓል የሚሸጥ በግ ሦስት ወር ገደማ ይቀለባል። ጠዋት ከቢሮ በፊት፣ ማታ ከቢሮ መልስ ድርቆሹን፣ ፉርሽካውን፣ ፋጉሎውን መስጠት ነው። ሰፈር ውስጥ ጠላ የሚጠምቁ ካሉ አተላውም ይገኛል። ዶሮ ትንሽ ከበድ ይላል፤ ምክንያቱም እሑድም በዓልም አያውቅም። ውኃው፣ መኖው፣ እንቁላል መልቀሙ የየቀን ነው። ቢሆንም ዋናው ሥራ ጠዋትና ማታ ላይ ያርፋል።

የዓመት ፈቃድም አለ። በዚያው አዋጅ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃዱን ለማር ቆረጣው ወይም ለበዓሉ ገበያ ሳምንት ማስቀመጥ ይቻላል። ይህን ከአለቃ ጋር ቀድሞ መነጋገር ነው።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እንቅልፍ የሚነካ ሥራ ከሆነ ይቅር። በተለይ ነርስ፣ ሹፌር ወይም ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ሳይተኛ ሥራ ከገባ ጉዳቱ ለሌላ ሰውም ይተርፋል።

«የአሠሪን እንጀራ እየበሉ የራስን ምጣድ መጣድ ክህደት ነው»

ይህን ነጥብ ዝም ብዬ አልጥለውም። ከጀርባው እውነተኛ ቁጣ አለ። በቢሮ ወረቀት የራሱን ደረሰኝ የሚያትም፣ በቢሮ መኪና መኖ የሚጭን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ «ባንክ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ገበያ የሚውል ሰው አለ። ባለጉዳይ ከሞጣ ወይም ከቢቸና አድሮ መጥቶ ወንበሩን ባዶ ያገኘዋል። ይህ ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ነገር ግን ከሥራ ሰዓት ውጪ ያለው ጊዜ የሠራተኛው ነው። ማታ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ እድር የሚመራ፣ ቅዳሜ እርሻውን የሚያይ ሠራተኛ ከሃዲ አይባልም። በግ የሚያደልበውስ ለምን ይባላል?

መስመሩ የሚታለፈው ንግዱ ከሥራችሁ ጋር ሲነካካ ነው። የግብር ሠራተኛ ግብር ለሚሰበስብባቸው ነጋዴዎች መዝገብ መሥራት የለበትም። ንግድ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ፈቃድ ከሚጠይቁት ጋር ሸሪክ መሆን የለበትም። ግዢ ክፍል ያለ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ማቅረብ የለበትም። በሚስት ስም ቢሆንም ያው ነው። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 የወጣውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። የሚመለከተው ሰው ሀብቱንና የገቢ ምንጩን ማስመዝገብ አለበት።

የእኔ ምክር አጭር ነው። የሥራ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ተጨማሪ ሥራን የሚከለክል ወይም ፈቃድ የሚጠይቅ አንቀጽ ካለ በጽሑፍ ጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ የሰው ሀብት ክፍል ሄዳችሁ ደንቡን ጠይቁ። ከአለቃ ተደብቆ የተጀመረ ሥራ በአንድ ሰው ወሬ ይፈርሳል።

«ደመወዝና ትርፍ ተደምሮ 35 በመቶ ግብር ይበላዋል»

ይህ ስሕተት ነው። ሙያዬ ስለሆነ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

በእኛ አገር የገቢ ግብር እንደ ገቢው ዓይነት በተለያየ ሠንጠረዥ ይሰላል። ደመወዝ ሠንጠረዥ «ሀ» ነው፤ አሠሪው ቀንሶ ያስገባል። የንግድ ትርፍ ሠንጠረዥ «ሐ» ነው፤ ለብቻው ይታወቃል፣ ለብቻው ይከፈላል። ሁለቱ አይደመሩም። በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። 35 በመቶ የሚጣለው ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ነው። ደመወዛችሁ 10,000 ብር ከሆነና ማታ ማር ብትሸጡ፣ ማሩ የደመወዛችሁን ግብር በአንድ ሳንቲም አይጨምረውም።

ያው ማሻሻያ ነጋዴን በሁለት መድቦታል። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ነጋዴ ምድብ «ለ» ውስጥ ይገባል፤ ግብሩም የሚሰላው በሽያጩ ላይ ነው። አብዛኛው የጎን ሥራ እዚህ ውስጥ ነው የሚወድቀው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ አይወጣም፤ ለደመወዝ ያወጣችሁት ቁጥር ለንግዱም ያገለግላል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ግብሩ በሽያጭ ላይ ከሆነ፣ ብትከስሩም ግብሩ ይጠየቃል ማለት ነው። ትርፍ የማይተው ግን ብዙ የሚሸጥ ሥራ እዚህ ላይ ይጎዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደብተር ያዙ። የተገዛው፣ የተሸጠው፣ የሞተው፣ ለቤት የተበላው ሁሉ ይጻፍ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ዓመቱን ለማስታወስ መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ሥራችሁ ንግድ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ደግሞ ከንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ጀምሩ።

«የጎጃም ከተሞች ገበያ ትንሽ ነው፤ ከሞከራችሁ በስልክ ሞክሩ»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ሲጽፉ የከተማውን መንገድ አይተው፣ የቀን መቁጠሪያውን ግን አላዩም። የእኛ ገበያ እንደ ወሩ ይለዋወጣል። ይህን ያልተረዳ ሰው ገበያው ትንሽ ይመስለዋል፤ ወይም ሞቅ ባለበት ወር ይጀምርና በሚቀጥለው ወር ይከስራል።

እንቁላልን ልውሰድ፤ የማውቀው እሱን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ይዘልቃል። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ አለ። በዚህ ላይ ረቡዕና ዓርብ። በጎጃም ጾም የሚጾም ሕዝብ ነው ያለው። በነዚህ ቀናት እንቁላልና ወተት የሚገዛ ሰው በጣም ይቀንሳል። ዶሮዋ ግን ጾም አታውቅም። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። መቶ ዶሮ ያለው ሰው በወር ሦስት ኩንታል ተኩል ገደማ መኖ ያስፈልገዋል፤ እንቁላሉ ተሸጠም አልተሸጠም።

መፍትሔው ሥራውን ከጾሙ ጋር ማቀናጀት ነው። ቄብ ዶሮ መጣል የምትጀምረው በአምስት ወሯ አካባቢ ነው። ፋሲካ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ በሚውልበት ዓመት የ45 ቀን ጫጩት ጥር መባቻ ላይ ብትገዙ፣ ዐቢይ ጾምን በማደግ ያሳልፉታል። መጣል የሚጀምሩት ጾሙ ሲፈታ ነው። ጥለው ያረጁትን ደግሞ ለዚያው ፋሲካ መሸጥ ይቻላል፤ በዚያን ሰሞን ዶሮ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። የፈንግል ክትባቱ ግን አይዘንጋ። ፈንግል የገባበት ቤት በሳምንት ውስጥ ባዶ ሊሆን ይችላል።

በጾም ወቅት የሚጨምር ገበያም አለ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ድንች። ቡሬና ጃቢ ጠህናን በርበሬ የሚታወቁ ቦታዎች ናቸው። አዲስ በርበሬ ገበያ ሲገባ ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ አድርቆ፣ በቅመም አስፈጭቶ የሚሸጥ ሰው ዐቢይ ጾምን አይፈራም። እንቁላልና ሽሮ አብሮ የሚሠራ ቤት ዓመቱን ሙሉ ሥራ አያጣም። ከጥምቀት በኋላ እስከ ጾሙ መግቢያ ደግሞ የሠርግ ወቅት ነው። ማር ለጠጁ ይፈለጋል፤ በግ ይፈለጋል። ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ባሕር ዳር ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪ ሲገባ ገበያው ይሞቃል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ይህን ሁሉ የአገሬው ሰው ያውቀዋል። ከሌላ ቦታ የመጣ ትልቅ ነጋዴ ላያውቀው ይችላል። ይህ የእናንተ ብልጫ ነው።

ጸሐፊው «አንዱ ካፌ ሲከፍት ጎረቤቱም ካፌ ይከፍታል» ማለታቸው ልክ ነው። አይቼዋለሁ። በአንድ መንገድ ላይ ተደርድረው ሁሉም ባዶ የሚውሉ ካፌዎች አሉ። ይህ ግን የገበያ ማነስ ምልክት አይመስለኝም። የገዢውን ፍላጎት ሳይጠይቁ የጎረቤትን ሥራ መቅዳት የሚያመጣው ነው።

የስልኩን ነገር በተመለከተ፣ ቴሌግራም ላይ መሸጥን አልቃወምም። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ክፍያው ቀሏል። ነገር ግን እዚህ የምንኖር ሰዎች የማንረሳው ነገር አለ። በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ሙሉ ንግዱን ስልክ ላይ የሠራ ሰው ያን ጊዜ ምን ላይ ይቆም ነበር? መንገድም ይዘጋል። አዲስ አበባ እንዲደርስ የታሰበ ዕቃ ደጀን ወይም አባይ በረሃ ሳይሻገር ይቀራል። ለዚህ ነው መጀመሪያ በእግር ሊደረስባቸው የሚችሉ ገዢዎች ይኑሩ የምለው። የሰፈር ሰው፣ የቢሮ ባልደረባ፣ ሁለት ምግብ ቤት። ስልኩ ከዚያ በኋላ ይጨመር።

«ጥሩ መነሻ ካፒታል ሳይዙ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው»

ይህን ቶሎ ልለፈው። አምስት ቀፎ፣ ሦስት በግ፣ ሃያ ዶሮ መነሻ ነው። ከደመወዝ ላይ ቀንሶ፣ ዕቁብ ገብቶ ማምጣት ይቻላል። የመጀመሪያው ዙር ዋና ጥቅሙ ሥራውን ማወቅ ነው። ብድር ግን ከሁለተኛው ዙር በፊት አትውሰዱ። የእድር ገንዘብንና የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ ደግሞ በምንም ምክንያት አትንኩ።

«ቀን ቀን ሚስት ወይም ከገጠር የመጣች ዘመድ ትይዘዋለች፤ ይህ ነፃ ጉልበት ነው»

ጸሐፊው ይህን የጻፉት እንደ መፍትሔ ነው። «የግድ ሁለቱንም ካላችሁ» ብለው የሰጡት ምክር ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያስቆጣኝ ይህ ነው።

ነፃ ጉልበት የሚባል ነገር የለም። አንድ ሰው እየከፈለበት ነው። ባል ቢሮ ውሎ «የጎን ሥራ አለኝ» ይላል። በረት የምታጸዳው፣ ገዢ የምታነጋግረው፣ የታመመ ዶሮ የምትለየው ግን ሚስት ናት። ገንዘቡ ሲመጣ በባል ስም ባንክ ይገባል። ሥራው ሲከስር «ቤት ቁጭ ብለሽ አላየሽም ነበር?» ትባላለች። ይህ በብዙ ቤት ያለ ነው። በስም ባይጠራም ሁላችን እናውቀዋለን።

የገጠሯ ዘመድ ነገር ደግሞ ይብሳል። «ከተማ ትማራለች» ተብላ ከእናቷ ቤት ትመጣለች። ጠዋት ለዶሮዎቹ ውኃ ትቀዳለች፤ ከሰዓት ሱቅ ትጠብቃለች፤ ማታ እንጀራ ትጋግራለች። ትምህርቱ የማታ ይሆናል፤ ከዚያ ይቋረጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። ዘመድ ናት ማለት ይህን አይለውጠውም። የእኛ ትርፍ የአንዲት ልጅ ትምህርት ከሆነ እንደዚህ ያለው ሥራ ባይጀመር ይሻላል።

እኛ ቤት ያደረግነውን ልናገር። ባለቤቴ ከእኔ ይልቅ ከዶሮዎቹ ጋር ይውላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወር ሽያጭ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው የእሱ ድርሻ ነው፤ በደብተሩ ላይ «ደመወዝ» ተብሎ ይጻፋል። በረት ለማጽዳት የምትመጣ ጎረቤት አለች፤ የምትከፈለው በቀኑ ነው። ይህን ሁሉ ከፍለን የሚተርፍ ነገር ካለ እሱን ትርፍ እንለዋለን። አንዳንድ ወር አይተርፍም። ያኔ ሥራው ገና እንዳላደገ እናውቃለን። ጉልበቱ «ነፃ» ቢሆን ኖሮ ደብተሩ ትርፍ እያሳየን በኪሳራ እንቀጥል ነበር። ስለዚህ ለሰው መክፈል ከፍትሕም አልፎ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ተጨማሪ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ሰዎች፣ ከሁሉ በፊት ይህን ጥያቄ በቤታችሁ ጠይቁ፦ ቀን ማን ይሠራዋል? ለዚያ ሰው ምን ይደርሰዋል? መልሱን ያ ሰው ራሱ በተቀመጠበት ተነጋገሩ።

«ዝለሉ፤ ክንፍ በመንገድ ላይ ይበቅላል»

ይህ የጸሐፊው መደምደሚያ ነው። ሥራ ልቀቁ፣ ሙሉ ጊዜያችሁን ስጡት፣ ያኔ ያድጋል ይላሉ። ደብዳቤ እያረቀቀ ያለውን ወጣት የወሰደው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

አንድ የድሮ አባባል አለ፦ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል።» ይህን የተናገሩት አባቶች ፈሪ አልነበሩም። ዝናብ የሚቀርበት፣ በሬ የሚሞትበት ዘመን ላይ የኖሩ ናቸው።

ደመወዝ ለጀማሪ ንግድ ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ እንየው። ቄብ ዶሮ እስክትጥል ድረስ ለወራት ትበላለች፤ አንድ ሳንቲም አታመጣም። አዲስ ቀፎ በመጀመሪያው ወቅት ማር ላይሰጥ ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የቤት ኪራይ ይከፈላል፣ ጤፍ ይገዛል፣ ልጅ ይታመማል። ሥራ የለቀቀ ሰው ይህን የሚከፍለው ከንግዱ መነሻ ላይ ነው። ከዚያ ዶሮዎቹን ጊዜያቸው ሳይደርስ ይሸጣል። የከሰረው ሥራው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ መጠበቅ ስላልቻለ ነው። ደመወዝ የሚገዛው ትልቁ ነገር ይህ የመጠበቅ አቅም ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ሲወሰን ምን እንደሆነ አስታውሱ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዶሮ መድኃኒቱም ቫይታሚኑም ዋጋው ጨመረ። ያን ወቅት ደመወዝ ያለው ሰው መኖውን ከኪሱ እየደጎመ አለፈው። ሌላ ገቢ ያልነበረው ብዙ ሰው በረቱን ባዶ አደረገ።

ከደመወዙ ጋር የሚሄዱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ለጡረታ ሠራተኛው 7 በመቶ ሲያስገባ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። የለቀቃችሁ ዕለት ያ 11 በመቶ ይቆማል። የአገልግሎት ጡረታ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ጡረታው ሳይደርስ በፈቃዱ ለሚለቅ ሰው ደንቡ ምን እንደሚል ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። ብድርም አለ። ድሮ አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) የምንለው፣ አሁን ፀደይ ባንክ የሆነው ዘንድም ሆነ ሌላ አበዳሪ ዘንድ ብትሄዱ፣ ደመወዝተኛ ዋስ መሆን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታውቃላችሁ። ደመወዝ የለቀቀ ሰው ያንን ክብደት አብሮ ይለቃል። ብድሩን በጣም በሚፈልግበት ቀን ሌላ ደመወዝተኛ ለምኖ ያመጣል።

ጸሐፊው «ግማሽ ቀን የተሠራ ንግድ ግማሽ ንግድ ነው» ያሉት ግን አንድ እውነት አለው። ሥራው ካደገ በኋላ የሚመጣ ቀን አለ። ገዢ እየጠየቀ ማድረስ የማይቻልበት፣ ቢሮም ቤትም የሚጎዳበት ቀን። ያኔ መምረጥ ይገባል። እኔ የምቃወመው ምርጫው ከመጀመሪያው ቀን መምጣቱን ነው።

ታዲያ መቼ ይለቀቅ? እኔ ለጎረቤቶቼ የምለው መለኪያ አለኝ። ሥራው አንድ ሙሉ ዓመት ያሳልፍ። ዐቢይ ጾምን፣ ክረምትን፣ አንድ የበሽታ ወይም የመንገድ መዘጋት ወቅትን ይለፍ። በዚያ ዓመት ውስጥ ለሚሠሩት ሰዎች ሁሉ ተከፍሎ፣ ግብሩ ተከፍሎ፣ የተረፈው የቤቱን ወጪ ይሸፍን። በተጨማሪም ስድስት ወር የሚያኖር ገንዘብ ባንክ ይቀመጥ። ደብተሩ ይህን ካሳየ ልቀቁ፤ እኔም አብሬ ደስ ይለኛል። ካላሳየ ደግሞ ቀጥሉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዕድሜውን ሙሉ አስተማሪም ንብ አርቢም ሆኖ የሚኖር ሰው ምንም አልጎደለበትም።

ስትለቁም በሥርዓት ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከመልቀቁ 30 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። በእነዚያ 30 ቀናት ፋይላችሁን አስረክቡ፣ የሚተካችሁን ሰው አሳዩ፣ የሥራ ልምድ ወረቀታችሁን ተቀበሉ። ነገ እንቁላል የሚገዛችሁ አንዱ ያው መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል።